የእንጨት መፍለጫው ፍጥነትና የእትዬ በስመ አብ

አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ዕድሜው ከእናንተ የሚበልጥ ሰው ከበድ ያለ ነገር ሲያነሣ አይታችሁ፣ «ኧረ ይተዉት፣ እኔ እያለሁ!» ብላችሁ ልትቀበሉት ስትሮጡ፣ እሱም «ተው ልጄ፣ አንተ አትድከም» እያለ ሲከላከላችሁ፣ በመካከል ዕቃው ወድቆባችሁ ያውቃል? ሰሐን ከሆነ ይሰበራል፣ ወጥ ከሆነ ይደፋል። ይቅርታ ትጠያየቃላችሁ፣ ነገሩም በሣቅ ያልፋል። እኔ የምነግራችሁ ግን በእንዲህ ያለው መከባበር መካከል የገባው ሰሐን ሳይሆን በሞተር የሚገፋ የብረት ዘንግ ስለነበረበት ጊዜ ነው።

ዘመኑ የደርግ ነው፤ ቦታው ናይሮቢ። ከአገር ወጥቼ ፓርክላንድስ አካባቢ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምር ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ ማስረዳትም እወድ ነበር። የሚያውቁኝ ሰዎች «ሻይ ስትቀዳለት ስኳሩ ለምን እንደሚሟሟ ሳይነግርህ አይጠጣም» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልዱ እውነት ነው። ስኳሩ ለምን እንደሚሟሟ ማወቅ ሻዩን ያጣፍጠዋል ብዬ ዛሬም አምናለሁ።

የምኖረው ሳውዝ ሲ፣ ከሞምባሳ መንገድ ገባ ብሎ በሚገኝ ሰፊ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት የጓሮ ክፍል ነበር። ዋናውን ቤት የተከራዩት እትዬ የምላቸው የአስመራ ሴት ነበሩ። ከጓሮው ጥግ በጡብ ያሠሩት ትልቅ ምድጃ ነበራቸው፤ በዚያ ዳቦና ሕምባሻ እየጋገሩ ለከተማው የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ጊጊሪ በሚባለው ሰፈር ለሚሠሩ ያገራችን ሰዎች ያቀርቡ ነበር። አብረዋቸው ታላቅ ወንድማቸው ይኖራሉ። እኒህን ጋሼ እላቸው ነበር። አስመራም አዲስ አበባም ጋራዥ ውስጥ ጸጉራቸውን ያሸበቱ የከባድ መኪና መካኒክ ናቸው። ወንድምና እኅት አማርኛን እንደ እኔው ይናገራሉ። ሲጣሉ ብቻ ወደ ትግርኛ ይገባሉ፤ ያኔ እኔ ወደ ክፍሌ እገባለሁ።

ምድጃው እንጨት ይበላል። እንጨቱ ከከተማው ውጭ ካለ መሰንጠቂያ የሚመጣ የባሕር ዛፍ ጉማጅ ነው፤ ወፍራም፣ ጠማማ፣ ቋጠሮ የበዛበት። በመጥረቢያ ይፈልጥላቸው የነበረው ብርቱ ሰው አገር ቤቱ ኪሱሙ መሬት ደርሶት ሄደ። ጋሼ መጥረቢያውን አነሡ፤ ሐኪሙ ልባቸውን አዳምጦ መጥረቢያውን አስጣላቸው። ይኼኔ የእትዬ ልጅ ጣልቃ ገባች። ጊጊሪ ከሚገኝ አንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት የምትሠራ፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች ያሏት ጎበዝ ሴት ናት።

«እማ፣ ምድጃውን ዝጊና እኔ ጋ ነይ» አለቻቸው። «ልጆቼን እያየሽ አርፈሽ ትቀመጫለሽ።»

«ልጆችሽንማ እወዳቸዋለሁ» አሉ እትዬ። «ቅዳሜና እሑድ እወዳቸዋለሁ። በሌላው ቀን ሥራ አለኝ።»

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ትልቁ ዝናብ በፋሲካ ሰሞን ይጀምራል። ከዚያ በፊት እንጨቱ ተፈልጦ ከቆርቆሮው ጥላ ሥር ካልገባ ይረጥባል፤ የረጠበ እንጨት ደግሞ ይጨሳል እንጂ ምድጃ አያግልም። ስለዚህ እናትና ልጅ ተስማሙ፦ ዝናቡ ሳይጥል እንጨቱ ከገባ እትዬ በምድጃቸው ይቀጥላሉ፤ ካልገባ ግን ምድጃው ይዘጋል፣ እሳቸውም ወደ ልጃቸው ቤት ይገባሉ። እትዬ ለልጃቸው «እሺ» ካሉ በኋላ ወደ እኔ ዞር ብለው ቀስ ብለው፣ «ከሰው ሶፋ ላይ ተቀምጬ መሽቶ ይነጋልኛል ብለህ ነው?» አሉኝ። ዐይናቸው ግን አልቀለደም።

ጋሼ ታዲያ ማሽን ሠሩ። ማሽኑን ላስረዳ፤ ቀላል ነው። ረጅምና ወፍራም የብረት ምሰሶ ተጋድሟል። በአንዱ ጫፍ እንደ ትልቅ መጥረቢያ ምላስ የተሳለ ሽብልቅ ቆሞ ተበይዷል። በሌላው ጫፍ ሲሊንደሩ ተኝቷል። ሲሊንደር ማለት ዘይት ሲገባበት አንድ ዘንግ ወደ ውጭ የሚገፋ ወፍራም የብረት ቧንቧ ነው። ጉማጁ በዘንጉና በሽብልቁ መካከል ይቀመጣል። ከአሮጌ የመስኖ ውሃ መሳቢያ የተፈታ ሞተር ፓምፑን ያዞራል፣ ፓምፑ ከበርሜል ዘይት እየሳበ ወደ ሲሊንደሩ ይገፋል፣ ዘንጉ ጉማጁን ወስዶ ከሽብልቁ ጋር ያጣብቀዋል፣ እንጨቱም ይሰነጠቃል። ለዘይቱ መንገድ የሚመርጥለት አንድ እጀታ አለ፦ ወደ ፊት ሲገፋ ዘንጉ ይወጣል፣ ወደ ኋላ ሲሳብ ይገባል፣ ሲለቀቅ ይቆማል።

ማሽኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሠራ፤ ይህን ለጋሼ ክብር መናገር አለብኝ። ችግሩ ፍጥነቱ ነው። እትዬ ሊጥ ሲያቦኩም፣ በር ሲከፍቱም፣ ማንኛውንም ሥራ ሲጀምሩ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን» ይላሉ። ጋሼ እጀታውን ሲገፉት እትዬ ገና «በስመ አ…» እንዳሉ ዘንጉ ደርሶ እንጨቱን ጓ! ያደርገዋል። ፍልጡም ወደ አጥር ይወረወራል። ጋሼ ይኮራሉ፤ እትዬ አሜንን ለብቻው ያስከትላሉ።

አንድ ቅዳሜ የእትዬ ልጅም መጥታ ነበር። ጋሼ እጀታው ላይ ናቸው። እትዬ አንድ ከባድ ጉማጅ አቅፈው መጥተው ምሰሶው ላይ ጋደም አደረጉት። እኔ አስተዳደጌ እንደሚያዘኝ «ኧረ እትዬ፣ እኔ እያለሁ!» ብዬ ዘልዬ ጉማጁን ያዝኩ። እሳቸውም አስተዳደጋቸው እንደሚያዛቸው «ተው፣ የመምህር እጅ ነው፣ ይቆስላል!» ብለው ወደ ራሳቸው ሳቡት። ጋሼ ግን ጉማጁ ቦታውን እንደያዘ ባዩ ጊዜ፣ የእኛ ግብግብ ሳይጀመር፣ እጀታውን ገፍተውት ነበር። ዘንጉ መጣ። የእትዬን ነጠላ ጫፍ ከጉማጁ ጋር አጣብቆ ጎተተው፤ ጥለቱ ጨርቅ ሲቀደድ የሚያሰማውን ድምፅ አሰምቶ ተለየ። የእትዬ ክንድ ከተያዘው ጫፍ የራቀው በጣት ያህል ነበር።

ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። እትዬ ጥለቱን ከሽብልቁ ሥር አነሡና ወደ ብርሃኑ አድርገው አዩት።

«የፋሲካ ነጠላዬ ነበር» አሉ።

«ሰኞ በእሳት እቆራርጠዋለሁ» አሉ ጋሼ። «ከዚህ ምሰሶ ጥሩ የአጥር በር ይወጣል።»

ልጅቱ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ሁሉንም አይታለች። አልጮኸችም። «እማ፣ አበቃ፤ ዕቃሽን አዘጋጂ» ብቻ አለች።

«እስከ ሆሣዕና ስጡኝ» አልኩ እኔ።

ጋሼ ዞረው አዩኝ። «ምን ልታደርግ? ልታስተምረው?»

«አዎ» አልኩ።

ልጅቱ እናቷን አየች። እትዬ ነጠላቸውን አጣጥፈው በክንዳቸው ላይ አድርገው፣ «እኔ አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈልገው» አሉ። «ማንንም ሳልጠራ ራሴ ልፈልጥበት። እጀታውን ገፍቼ በስመ አብ ብዬ አሜን እስክል ድረስ እንጨቱ ጋ አይድረስብኝ። አሜን ካልኩ በኋላ የፈለገውን ይሁን።» ልጅቱም «እስከ ሆሣዕና፤ ከዚያ አያልፍም» አለች።

በመምህርነቴ ብዙ መለኪያ ተሰጥቶኛል፤ እንዲህ ያለ ግልጽ መለኪያ ግን አላጋጠመኝም። ሜትርና ሰከንድ ሰው ይከራከርበታል። በስመ አብ ግን በእትዬ አፍ ሁልጊዜ እኩል ነው።

ሥራውን ከሁለት ከፈልኩት። አንደኛው ጥፋት የማሽኑ ነው፣ ፍጥነቱ። ሁለተኛው የእኛ ነው፣ ጨዋነታችን። የማሽኑ ስለሚቀል ከእሱ ጀመርን።

የመጀመሪያው ሐሳብ የጋሼ ነበር፦ የሞተሩን ነዳጅ መቀነስ። ሐሳቡ ትክክል ነው። ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር ፓምፑም ቀስ ይላል፣ የሚልከው ዘይት ያንሳል፣ ዘንጉ ይዘገያል። ባዶውን ስንሞክረው እትዬ እስከ «ወመንፈስ ቅዱስ» ድረስ ደረሱ። ደስ ብሎን ጉማጅ አስገባን። ዘንጉ እየተንፏቀቀ ሄዶ ቋጠሮው ላይ ሲደርስ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ሳል ሳል አለና ጠፋ። ቀስ ብሎ የሚዞር ትንሽ ሞተር ጉልበት የለውም፤ ጉልበቱን የሚያገኘው ከፍጥነቱ ነው።

ጊዜው ዐቢይ ጾም ነበርና እትዬ፣ «ምግቡን ቀንሳችሁ ጾመኛ አደረጋችሁት» አሉ። «ጾመኛ ይጸልያል እንጂ እንጨት አይፈልጥም።»

ሁለተኛው ሐሳብ የእኔ ነበር፦ ሞተሩ በሙሉ ጉልበቱ ይዙር፣ ዘይቱ የሚሄድበትን ቱቦ ግን እናጥብበው። ጋሼ ከዕቃ ሣጥናቸው አንድ እንደ ቧንቧ መክፈቻ የሚዞር ማጥበቢያ አወጡ፤ ከፓምፑ በኋላ ገጠምነው። ስናጠብበው ዘንጉ ዘገየ፣ ሞተሩም አልጠፋም። እትዬ አሜን ብለው እንኳ ጊዜ ተረፋቸው። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ስንፈልጥ ቆይተን ማሽኑ አጠገብ ለማረፍ ተቀመጥን። እትዬ የዘይቱን በርሜል በመዳፋቸው ነክተው እጃቸውን መነጨቁ።

«ምድጃዬን መዝጋት ነው» አሉ፤ «ይኼኛው ዳቦ ይጋግራል።»

የበርሜሉ ቀለም ከግለቱ የተነሣ ይሸት ነበር። ምክንያቱን ወዲያው አወቅሁት፤ አስቀድሜ ማሰብ የነበረብኝ ነገር ስለነበር ጮክ ብዬ አስረዳሁ። እንዲህ ያለ ፓምፕ በዞረ ቁጥር ያንኑ ያህል ዘይት ይገፋል፤ መንገዱ ጠበበ አልጠበበ ግድ የለውም። በጠባቡ ማለፍ ያቃተው ትርፍ ዘይት ግፊት ሲበዛ በሚከፈተው ማስተንፈሻ በኩል ተገፍቶ ወደ በርሜሉ ይመለሳል። ሞተሩ ለዚያ ለተመለሰው ዘይትም ደክሟል። ያ ድካም እንጨት አልፈለጠም፤ ታዲያ የት ገባ? ሙቀት ሆነ። የጋለ ዘይት ይቀጥናል፣ የሲሊንደሩን የላስቲክ ቀለበቶች ያደርቃል፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም በየቦታው ያንጠባጥባል። ደግሞም ያጠበብነው የሁሉንም መንገድ ስለነበረ ዘንጉ ሲመለስም ያንኑ ያህል ይንፏቀቅ ነበር፤ በከንቱ እንጠብቀዋለን።

«የውይይት ክበብ ከፈተብን እኮ» አሉ ጋሼ ለእኅታቸው። «ሳንወያይ እንጨት መፍለጥ ቀረ?»

«ከቀበሌ ስብሰባ ይሻላል» አሉ እትዬ። «እዚህ ቢያንስ ሻይ አለ።»

እኔ ግን መልሱን አግኝቼዋለሁ። የቀረው ለጋሼ መንገር ነው፤ እሱ ከማሽኑ ይከብዳል። ሲሊንደሩን የመረጡት እሳቸው ናቸው። ከእኔ ልደት በፊት ኪያቬ የሚሉትን የብሎን መፍቻ የያዙ ሰው ፊት ቆሞ «የመረጡት ዕቃ ልክ አይደለም» ማለት እኛ ዘንድ አይቻልም። ሰው እንዲያይ ይደረጋል እንጂ አይነገረውም።

ስለዚህ በማግሥቱ ከትምህርት ቤት ስመለስ ፓርክላንድስ ካለ ዱካ ላ ዳዋ፣ ከመድኃኒት ቤት ማለቴ ነው፣ መርፌ የሌላቸው የሐኪም ሲሪንጆችና አንድ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ይዤ መጣሁ። እትዬ የምግብ ጠረጴዛቸውን ለቀቁልኝ። አንዱን ሲሪንጅ ውሃ ሞልቼ በቱቦው ከአንድ ቀጭን ሲሪንጅ ጋር አገናኘሁትና ለጋሼ ሰጠኋቸው።

«እስቲ ይግፉት።»

ገፉት። የቀጭኑ ዘንግ ተስፈንጥሮ ወጣ። ቀጥዬ ቀጭኑን ነቅዬ በቦታው ወፍራም ሲሪንጅ አደረግሁ፤ ያንኑ ያህል ውሃም ሞላሁላቸው። ገፉት። የወፍራሙ ዘንግ ትንሽ ብቻ ብቅ አለ።

«ውሃው እኩል ነው» አልኩ። «ጠባብ ቤት የገባ ውሃ ቶሎ ይሞላና ዘንጉን ሩቅ ይገፋዋል። ሰፊ ቤት የገባ ግን ወደ ጎን ይዘረጋል፣ ዘንጉም ቀስ ይላል። አሁን ደግሞ ሲገፉ እኔ ዘንጉን በአውራ ጣቴ ላቁመው።» ቀጭኑን በቀላሉ አቆምኩት። ወፍራሙ ግን፣ ጋሼ በዚያው ጉልበት እየገፉ፣ ጣቴን ይዞት ሄደ። «ይዘገያል፤ ግን ይበረታል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ እናገኛለን። ዘይቱን ማነቅ የለብንም፤ ሰፊ ቤት መስጠት ነው።»

ጋሼ ሁለቱን ሲሪንጆች እያፈራረቁ ገፉ። ከዚያ ቀና አሉ።

«የእኔ ሲሊንደር ቀጭን ነው እያልክ ነው?»

«እኔ ምንም አላልኩም» አልኩ። «ሲሪንጁ ነው ያለው።»

እትዬ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሣቁ። ጋሼም ፊታቸውን አጥቁረው፣ «ወፍራሙ ኃይሉ ከበዛ ምሰሶውን ያጎብጥብናል» አሉ። ይህ ለእኔ ከእሺ የበለጠ ነበር፤ ማሽኑን በልባቸው መሥራት ጀምረዋላ። ትክክልም ነበሩ። ያንኑ ግፊት በሰፊ ሆድ ላይ ስታሳርፉት ምሰሶውም ሽብልቁም የበለጠ ይሸከማሉ። ጋሼ በምሰሶው ጎንና ጎን የብረት ድጋፍ በየዱ፤ የሽብልቁንም እግር እንደገና አጠናከሩ።

ወፍራሙን ሲሊንደር ያገኘነው ጊኮምባ ገበያ፣ ጁዋ ካሊ ከሚባሉት ከፀሐይ በታች ከሚሠሩት ባለ እጆች ዘንድ ነው። ከእነሱ አንዱ ቀጭኑን ሲሊንደር ትከሻችን ላይ ሲያይ «ሙዋሊሙ፣ የተሻለ ትፈልጋለህ?» አለኝ፤ መምህርነቴን ልብሴ ላይ ካለው ቾክ ነው መሰለኝ ያወቀው። በእጄ ወፍራም ክብ ሠራሁለት። «ኩብዋ!» ብሎ ትልቅ መፈለጌን ለመላው ሰፈር አወጀና ከተጣለ የአካፋ ትራክተር የተፈታ አንዱን እየጎተተ አመጣ። ጋሼ ዘንጉን አውጥተው በጥፍራቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሱት። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ካለው ቀለበቱን ይበላል፤ የለውም። ሰውዬው በቀጭኑ ለወጠን፤ ጋሼ በእትዬ ትእዛዝ አንድ ትልቅ ሕምባሻ ጨመሩለት። ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ሳውዝ ሲ ባለፈ ቁጥር የሚጎድለን ዕቃ እንዳለ ይጠይቀን ነበር።

ማጥበቢያውን አውጥተን ወፍራሙን ገጥመን ስናስነሣው ፓምፑ እንደ ተቀጣ ድመት ጮኸ። እትዬ ወደ ውስጥ ሮጡ። ይህንንም ላስረዳ፦ ሰፊ ቤት ብዙ ዘይት ይውጣል። ዘንጉ ሲወጣ በርሜሉ ሊደርቅ ደረሰ፣ ፓምፑም በዘይት ፈንታ አየር ሳበ። ጋሼ ከአንድ አሮጌ የጭነት መኪና የነዳጅ ማጠራቀሚያውን፣ ሳልባትዮውን፣ ፈትተው አጥበው በበርሜሉ ቦታ ተከሉት። ጩኸቱ ጠፋ። ዘንጉ አሁን በዝግታ፣ ሳይንገጫገጭ ወጣ። ሲመለስ ግን ፈጠን ይላል፤ በመመለሻው በኩል ዘንጉ ራሱ የቤቱን ከፊል ስለሚይዘው ለዘይቱ የቀረው ቦታ ይጠባልና።

«ሲሄድ እንደ ሙሽራ፣ ሲመለስ እንደ ሌባ» አሉ እትዬ።

የማሽኑ ጥፋት በዚህ አለቀ። የቀረው የእኛ ነበር፤ እሱን በሲሪንጅ ማሳየት አይቻልም። ሻይ ይዘን ተቀመጥንና ነገርኳቸው፦ ያን ቀን አደጋ የጠራው ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። እጀታውን የያዘው ሌላ ሰው፣ እንጨቱን የያዘው ሌላ ሰው፣ ለመርዳት የሮጠው ደግሞ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እንጨቱን ያስቀመጠው ሰው ራሱ እጀታውን ይይዛል። ሌላው አይረዳም፣ አይቀርብም።

እትዬ ሻያቸውን አስቀመጡ። «ሰው ሲደክም እያየህ እጅህን አጣምረህ ልትቆም? እናትህ እንዲህ ነው ያሳደገችህ?»

«እናቴ ማሽን አልነበራትም፣ እትዬ።»

«ጎረቤት ቢያይ ምን ይላል? ሽማግሌ ሴት ግንድ ትሸከማለች፣ ጎረምሳው ቆሞ ያያል!»

«እርስዎ ራስዎ አይደሉም እንዴ ‹ማንንም ሳልጠራ› ያሉት?»

እትዬ ሻያቸውን መልሰው አነሡ። ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ «እኔ አንድ ነገር እሠራለሁ» ብለው ተነሡ። በሚቀጥለው ቀን ሁለተኛ እጀታ በግራ በኩል ተከሉ፤ በስፕሪንግ የሚመለስ መቀርቀሪያ ነው። እሱ በግራ እጅ ተጭኖ ካልተያዘ የቀኙ አይንቀሳቀስም። ከሁለቱ አንዱ ከተለቀቀ ዘንጉ ይቆማል። እንጨት ፈላጩ ሁለቱም እጆቹ እጀታ ላይ ከሆኑ ዘንጉ ፊት የሚገባ እጅ የለውም። የረጂዎቹን እጅ ግን ብረት አያስረውም። ለእሱ እትዬ ራሳቸው ከምድጃቸው አመድ አምጥተው በማሽኑ ዙሪያ መሬቱ ላይ መስመር አሰመሩ።

«ከዚህ ያለፈ» አሉ፣ «የፋሲካ ዳቦ የለውም።»

በሆሣዕና ዋዜማ ቅዳሜ ልጅቱ መጣች። ከመኪናዋ የኋላ ወንበሩን አጥፋ ለዕቃ ቦታ አዘጋጅታለች። በንጎንግ ኮረብታዎች በኩል ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ ነፋሱ የአፈር ሽታ ይዞ መጣ። ካልተፈለጠው ክምር ገና ብዙ ቀርቷል። ሦስታችን፣ ጋሼ፣ ልጅቱና እኔ፣ ከአመዱ መስመር ውጭ ቆምን። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ አንዱን በሌላው ጨብጬ ያዝኩት።

እትዬ የባሰውን መረጡ፤ በመካከሉ ቋጠሮ ያለበትን ጉማጅ። አቅፈው ሲያነሡት ጉልበታቸው ጎበጥ አለ። ምሰሶው ላይ አስቀመጡት፣ ቦታውን አስያዙት፣ ሁለት እጆቻቸውን ሁለቱ እጀታዎች ላይ አሳረፉ።

«በስመ አብ» አሉ፤ ዘንጉ ተንቀሳቀሰ። «ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ…» ዘንጉ ይመጣል፣ አይቸኩልም። «…አሐዱ አምላክ አሜን።» ከአሜን በኋላ ዘንጉ እንጨቱን ነካ። ልጅቱ ትንፋሿን ለቀቀች።

ከዚያ እንጨቱ ከቋጠሮው ላይ ተንጋደደ። አንደኛው ጫፉ ተነሣ። የእኔ እግር በራሱ ተንቀሳቀሰ፤ ጫማዬ አመዱን ነካ። ጋሼም ወደ ፊት ዘንበል አሉ፤ ልጅቱ እጇን ዘረጋች። እትዬ ሁለቱንም እጀታ ለቀቁ። ዘንጉ ባለበት ቆመ። ሳይቸኩሉ ዘንጉን ትንሽ መለሱት፣ ጉማጁን አዙረው አመቻቹት፣ ተመልሰው እጀታዎቹን ያዙ። ወደ እኛ ዞር ብለው አዩን።

«ማን ጠራችሁ?»

ሦስታችንም ወደ ኋላ ተመለስን። ዘንጉ ሄደ። ሞተሩ ድምፁን አወፈረ እንጂ አልሳለም። ቋጠሮው መጀመሪያ ጠጠር ሲረገጥ እንደሚሰማው ድምፅ አሰማ፣ ከዚያ ከላይ እስከ ታች ተተረተረ። ፍልጡ ወደ አጥር አልተወረወረም፤ በግራና በቀኝ ተጋድሞ ወደቀ። እትዬ ጎንበስ ብለው አንዱን አነሡና ለልጃቸው በመስመሩ ላይ አሻገሩላት።

«ይኼን ከጥላው አስገቢልኝ» አሏት። «መርዳት የምትፈልጉ እዚያ ጋ ነው መርጃው።»

ልጅቱ ፍልጡን ተቀበለች። ከዚያ የሥራ ጃኬቷን አውልቃ መኪናው ላይ ጣለችና ተሸከመች። እትዬ ይፈልጣሉ፤ ጋሼ፣ ልጅቱና እኔ እናመላልሳለን። ትልልቆቹ ጠብታዎች ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምሩ ከክምሩ የቀረው ለመቀመጫ የሚሆን ጥቂት ጉማጅ ብቻ ነበር። የዘይቱን ሳልባትዮ በመዳፌ ነካሁት፤ እንደ ሰው ገላ ለብ ያለ ነበር፣ ከዚያ አላለፈም።

የፋሲካ ዋዜማ ልጅቱ እንደገና መጣች። የኋላ ወንበሩ አሁንም ታጥፎ ነበር፤ ግን ከምድጃው የወጣ ትኩስ ሕምባሻ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሞላው። መኪናዋ ወደ ጊጊሪ ስትሄድ እትዬ በሩ ላይ ቆመው፣ «ልጆቹን ነገ አምጪያቸው!» ብለው ጮኹ። «እሑድ እወዳቸዋለሁ!»

አሁን ተራው የእናንተ ነው። ከመድኃኒት ቤት አንድ ቀጭንና ሁለት ወፈር ያሉ ሲሪንጆች፣ የሚገጥምላቸውንም አጭር ቱቦ ግዙ። አንዱን ወፍራም ውሃ ሞልታችሁ መጀመሪያ ከቀጭኑ፣ ቀጥሎ ከሌላው ወፍራም ጋር እያገናኛችሁ ግፉ፤ በየተራው ዘንጉን በአውራ ጣታችሁ ለማቆም ሞክሩ። ጣታችሁ የሚነግራችሁን እኔ በብዙ ገጽ ልነግራችሁ አልችልም። ከዚያ በኋላ ከበድ ያለውን ሙከራ ሞክሩልኝ፦ እናታችሁ ወይም የእናታችሁ እኩያ አንድ ነገር ሲያነሡ እጃችሁን ወደ ኋላ አጣምሩ፣ ከመስመሩ ውጭ ቁሙ፣ እስኪጠሩአችሁም ጠብቁ።